የፋሲካ ካርድ የሞላው ዲስክ

የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ። የዶሮው ወጥ ገና ከላዬ አልወረደም። ስልኬ ጮኸ። ሥራ አስኪያጃችን ናቸው። «ዛሬ ኢሜይል የሚባል ነገር የለም እንዴ?» አሉኝ።

ቢሮ ደርሼ ሰርቨሩን ስከፍት የዲ ድራይቭ መስመር ቀይ ሆኗል። ባዶ ቦታ የሚለው ላይ 0 ባይት። ዳታቤዙ ቅዳሜ ማታ ራሱን ዘግቶ ተቀምጧል። እኛ በግ ስናርድ እሱ አርፏል ማለት ነው።

ይህን የምጽፈው በቢሮው ውስጥ ብቻውን ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅን፣ ማለትም የመሥሪያ ቤቱን ኢሜይል የሚያስተናግደውን ፕሮግራም፣ ለሚያስተዳድር ሰው ነው። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሦስት አራት ሰርቨር፣ የሠለጠነ ቡድን አላቸው። እኔ ያለኝ አንድ ኤክስቼንጅ 2016፣ 180 ሜይልቦክስና አንድ ረዳት ልጅ ነው። የእኔን ዓይነት ቢሮ ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ነው።

መጀመሪያ ዲስኩ ምን በልቶ እንደሞላ ልንገራችሁ። ዲ ድራይቭ 600 ጊጋባይት ነው። ዳታቤዙ፣ ማለትም የኢዲቢ ፋይሉ፣ 392 ጊጋባይት ይዟል። የፍለጋ ኢንዴክሱ እዚያው አጠገቡ ወደ 40 ጊጋባይት ይይዛል። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ትቷቸው የሄደ የዊንዶውስ መጫኛ ፋይሎችና የድሮ የአውትሉክ ማኅደሮች 50 ጊጋባይት ገደማ ናቸው። የቀረውን የያዙት ሎጎች ናቸው። ከ110 ሺህ በላይ ፋይሎች፣ እያንዳንዳቸው ልክ 1 ሜጋባይት።

ረዳቴ ፎልደሩን ከፍቶ አየ። «አለቃ፣ ሎግ ብቻ ነው እኮ። ልደምስሳቸው?» አለኝ። ጣቱ ኪቦርዱ ላይ ነበር።

«እጅህን አንሳ!» አልኩት። ትንሽ ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም።

የሚያሳስተው ሎግ የሚለው ቃል ነው። ሎግ ሲባል ሰው የሚያስበው የውሎ ማስታወሻ ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ስህተት ተፈጠረ። እንዲህ ያለው ቢጠፋ ማንም አይሞትም። የኤክስቼንጅ የትራንዛክሽን ሎግ ግን ሌላ ነገር ነው። የሰፈራችሁን ባለሱቅ አስቡት። ሰው ሲበዛበት ዱቤውን በቁራጭ ወረቀት ይጫጭራል። ረጋ ሲል ወደ ትልቁ ደብተር ይገለብጣል። ኤክስቼንጅም እንደዚሁ ነው። ደብዳቤ ሲገባ መጀመሪያ ሎጉ ላይ ይጽፈዋል። ለውጡን ሚሞሪ ላይ ይይዘዋል። ወደ ዳታቤዙ ፋይል የሚያስገባው ቆይቶ ነው። እናም በማንኛውም ቅጽበት እውነተኛው ዳታቤዝ ትልቁ ደብተርና ቁራጭ ወረቀቶቹ አንድ ላይ ናቸው። ወረቀቱን ሳይገለበጥ ብትጥሉት የእነማን ዱቤ እንደጠፋ ባለሱቁ ራሱ አያውቅም።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማርኩትም። ከዓመታት በፊት፣ ሌላ መሥሪያ ቤት እያለሁ፣ መብራት ሄደ። የዩፒኤሱ ባትሪ ሞቷል፣ ጀነሬተሩን የሚያስነሳው ሰው ምሳ ሄዷል። ሰርቨሩ ድንገት ጠፋ። ሲነሳ ዲስኩ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። እኔም «ቦታ ላስለቅቅ» ብዬ ሎጎቹን በሙሉ ደመሰስኩ። ከዚያ ዳታቤዙን ማውንት ላድርግ፣ ማለትም ከፍቼ ሥራ ላስጀምረው፣ ብል እምቢ አለ። ኤሴዩቲል የሚባለውን የኤክስቼንጅ መሣሪያ በ/ኤምኤች ሳስነሳው «ደርቲ ሻትዳውን»፣ በሥርዓት አልተዘጋም፣ ብሎ ጻፈልኝ። ዝቅ ብሎ የሚፈልጋቸውን ሎጎች ከዚህ እስከዚህ ብሎ ዘርዝሯል። ከአምስት ደቂቃ በፊት የደመሰስኳቸው ናቸው። ደህና ባካፕም፣ መጠባበቂያ ቅጂም፣ አልነበረኝም። የቀረኝ በ/ፒ በግድ መጠገን ብቻ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሠራ። ጠዋት ዳታቤዙ ተነሣ፣ ግን ሊያነበው ያልቻለውን ሁሉ ቆርጦ ጥሏል። ለሳምንታት ሰዎች እየመጡ «እንዲህ የሚል ደብዳቤ ነበረኝ» ይሉኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ዲስክ ሲሞላ የመጀመሪያው ሥራ መደምሰስ ሳይሆን መጠየቅ ነው። ኤሴዩቲል /ኤምኤች ብላችሁ የዳታቤዙን ሁኔታ እዩ። «ክሊን ሻትዳውን» ካለና የሚፈለግ ሎግ 0-0 ከሆነ፣ ተመስገን በሉ። ሁሉም ነገር ወደ ትልቁ ደብተር ተገልብጧል ማለት ነው። ኤክስቼንጅ ለዚህ ብሎ ሁለት የመጠባበቂያ ሎጎች አስቀድሞ ይዞ ይቀመጣል። ዲስኩ ሲያልቅ እነሱን ተጠቅሞ በሥርዓት ለመዘጋት ይሞክራል። የእኛም ያን ቅዳሜ ማታ በሥርዓት ነው የተዘጋው።

አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። በሎጉ ፋይል ስም ላይ ያለው ቁጥር በሄክሳዴሲማል፣ በአስር ሳይሆን በአሥራ ስድስት በሚቆጥረው አጻጻፍ፣ ነው። 4096ኛው ሎግ ፋይሉ ላይ 1000 ሆኖ ነው የሚታየው። ኤሴዩቲል ሁለቱንም አጻጻፍ ጎን ለጎን ያሳያል፤ ከፋይል ስም ጋር የምታስተያዩት በቅንፍ ያለውን ነው። እኔ አንድ ጊዜ አስርዮሹን ይዤ ፋይል ስፈልግ ግማሽ ሰዓት ፈጅቻለሁ።

የዚያን ዕለት ያደረግነው ቀላል ነው። መጀመሪያ ኤክስቼንጅን የማይመለከተውን ሁሉ አስወጣን። መጫኛ ፋይሎቹንና የድሮዎቹን ማኅደሮች ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ። 50 ጊጋባይት ተለቀቀ። ዳታቤዙን ማውንት አደረግን፣ ተነሣ። ወረፋ ላይ የነበሩት ደብዳቤዎች መግባት ጀመሩ። ኤክስቼንጅ ዳታቤዙ ሲዘጋበት የመጡትን ደብዳቤዎች በወረፋ ይዞ የሚጠብቀው፣ ካልቀየራችሁት በስተቀር፣ 2 ቀን ነው። ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ያው ለትንሽ ነው የተረፍነው። እስከ ማታ ብንቆይ ለላኪው መመለስ ይጀምር ነበር።

ከዚያ ሙሉ ባካፕ አስነሣን። ከኤክስቼንጅ ጋር ተነጋግሮ የሚሠራ ሙሉ ባካፕ ሲጠናቀቅ ያለፈባቸውን ሎጎች ኤክስቼንጅ ራሱ ያጠፋቸዋል። 110 ሺህ ፋይል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እልም አለ። ያ ነው ትክክለኛው ማጥፊያ። ልብ በሉ፣ ባካፑ ሎግ የሚያጸዳው ዳታቤዙ ማውንት ሆኖ ሳለ ነው። ዲስኩ ጢም ብሎ ዳታቤዙ ከተዘጋ በኋላ «ባካፕ ላድርግና ይጸዳል» ማለት አይሠራም። መጀመሪያ መተንፈሻ ያስፈልጋል።

እና ለምን 110 ሺህ ደረሱ? ባካፑ ስላልሠራ። ደብረ ዘይት ሰሞን መብራት ሄዶ ሲመለስ ባካፕ የምንይዝበት ሳጥን አልተነሣም ነበር። ማንም አልነካውም። የባካፕ ሶፍትዌሩ ግን በየሌሊቱ «አልተሳካም» የሚል ደብዳቤ ይልክ ነበር። ለማን? ለቀድሞው ልጅ። ከለቀቀ አምስት ወሩ ነው። ሜይልቦክሱ አልተዘጋም፣ ደብዳቤውም በየሌሊቱ ይጠራቀምለታል። ስናየው በሳቅ ሞትን። ለመሳቅ ያበቃን ግን ነገሩ ማለፉ ነው።

በቀን 4 ጊጋባይት ሎግ፣ በ27 ቀን 108 ጊጋባይት። ስሌቱ ይኸው ነው። ኢሜይሉ ብዙ ሆኖ አይደለም የሞላው። ስካን የሚላላክበት ቢሮ ነው፣ ባካፑ ቆመ፣ አለቀ።

የመጨረሻውን ጠብታ ያፈሰሰችው ግን የሰው ኃይል ክፍል እህታችን ናት። ጸሎተ ሐሙስ ከሰዓት ለሠራተኛው ሁሉ የመልካም ፋሲካ ካርድ ላከች። ዶሮ፣ እንቁላል፣ ቄጠማ፣ ያማረ ሥዕል። 12 ሜጋባይት። ድሮ በነበሩት ኤክስቼንጆች እንዲህ ያለ ደብዳቤ በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚቀመጠው፤ ሌሎቹ ወደ እሱ ይጠቁማሉ። ከኤክስቼንጅ 2010 ጀምሮ ይህ ቀርቷል። ስለዚህ 12 ሜጋ ሲባዛ በ180፣ ከ2 ጊጋባይት በላይ ዳታቤዙ ውስጥ ገባ። ያው መጠን ደግሞ ሎግ ላይ ተጻፈ። አንዳንዶቹ የየራሳቸውን ካርድ አስከትለው ላኩ። ዓርብ ሁላችን ስንሰግድ ዲስኩ ላይ የቀረው ጥቂት ጊጋባይት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ያኑ ሰኞ ትእዛዝ አወጡ። «ሁሉም ሠራተኛ የማያስፈልገውን ኢሜይል ያጥፋ።» በቅንነት ነው። ሰዉም ቀኑን ሙሉ ሲያጠፋ ዋለ። ማታ ሳይ የኢዲቢ ፋይሉ ያው 392 ነው። ሎጉ ደግሞ ጨምሯል። ማጥፋትም ሥራ ነው፣ እሱም ሎግ ላይ ይጻፋል። የጠፋው ደብዳቤ ደግሞ ለ14 ቀን በስውር ቦታ ይቆያል፣ ባለቤቱ ሐሳቡን ቢቀይር ብሎ። ከዚያም በኋላ ፋይሉ አያንስም። ውስጡ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ አዲስ ደብዳቤ እዚያ ይገባል፣ እንጂ ለዊንዶውስ አይመለስም። ጎተራውን እህሉን ብትቀንሱለት ጎተራው አይጠብም። ይህን ለኃላፊ ማስረዳት ከባድ ነው። የጎተራውን ምሳሌ ሞክሩት፣ ለእኔ ሠርቷል።

በፓወርሼል፣ በዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ፣ የዳታቤዙን ዝርዝር ከነስታተሱ ብትጠሩት የፋይሉን መጠንና ውስጡ ያለውን ባዶ ለየብቻ ያሳያችኋል። የእኛው ውስጥ ወደ 60 ጊጋባይት ባዶ ነበር።

ፋይሉን ለማሳነስ ብዙ ሰው የሚመክረው ኤሴዩቲል /ዲ ነው። እኔ አልወደውም። ዳታቤዙ ተዘግቶ ለሰዓታት ይቆያል። ከዳታቤዙ መጠን 110 በመቶ የሚሆን ባዶ ቦታ ይጠይቃል፤ ለእኛ 430 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ቦታ የጠበበው ሰው ያንን ከየት ያመጣል? የተሻለው መንገድ አዲስ ዳታቤዝ ከፍቶ ሜይልቦክሶቹን ማዛወር ነው። ተጠቃሚው እየሠራ ይዛወራል። መጨረሻ ላይ አንድ አፍታ ብቻ አውትሉኩን ዝጋና ክፈት ቢለው ነው።

እኛም እንዲሁ አደረግን። አንዱን ትልቅ ዳታቤዝ ለአራት ከፈልነው። የስታንዳርድ ፈቃድ 5 ዳታቤዝ ይፈቅዳል፣ አንዱን ለድንገተኛ ነገር ባዶ ትቻለሁ። የከፋፈልኩበት ዋናው ምክንያት ቦታ አልነበረም፣ ባካፕ መመለስ ነው። የእኛ ባካፕ ሳጥን በሴኮንድ 40 ሜጋባይት ቢያወጣ ነው። 392 ጊጋባይት ለመመለስ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከዚያ ሎጉን ወደ ዳታቤዙ መገልበጡ ሳይቆጠር። 100 ጊጋባይት ግን ከ45 ደቂቃ በታች፣ ሥራ የሚቆምበትም ከሠራተኛው ሩቡ ብቻ ነው። ስትከፍሉ አንድ ምክር፦ ዳይሬክተሮችን ሁሉ በአንድ ዳታቤዝ አታስቀምጡ። ያ ዳታቤዝ የወደቀ ዕለት ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚደውሉላችሁ።

ማዛወሩ ላይ ግን እንደገና ልወድቅ ነበር። የሚዛወረው እያንዳንዱ ጊጋባይት በመድረሻው ዳታቤዝ ቢያንስ ያንኑ ያህል ሎግ ይፈጥራል። አዲሱ የሎግ ድራይቭ 120 ጊጋባይት ነው። የመጀመሪያው ሌሊት በጉጉት 60 ሜይልቦክስ አሰለፍኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስነቃ ሎጉ 100 ጊጋባይት አልፏል። ወረፋውን አስቁሜ ባካፕ አስነሣሁና ተኛሁ። ከዚያ በኋላ በየሌሊቱ 15፣ በመካከሉ ባካፕ። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ደግሞም የተዛወረው ሜይልቦክስ አሮጌው ቅጂ ለ30 ቀን በድሮው ዳታቤዝ ውስጥ ይቆያል። መጨረሻ ላይ የድሮውን ላጥፋ ስትሉ «ውስጤ ሜይልቦክስ አለ» ይላችኋል፣ እናንተም አንድም አታዩም። የሲስተሙ የራሱ አርቢትሬሽን ሜይልቦክሶች ናቸው፣ እነሱንም ማዛወር አለባችሁ። ዳታቤዙን ከኤክስቼንጅ ብታወጡትም የኢዲቢ ፋይሉ ዲስኩ ላይ ይቀራል። በእጅ ነው የሚደመሰሰው። ያን ዕለት 392 ጊጋባይት ስደመስስ የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም።

አሁን አቀማመጡ እንዲህ ነው። ሲስተሙ ሲ ላይ ለብቻው። ዳታቤዞቹ በአንድ የዲስክ ስብስብ። ሎጎቹ በሌላ የዲስክ ስብስብ። ሌላ ድራይቭ ስል ሌላ ፊደል ማለቴ አይደለም። አንዱን ሬይድ፣ እንደ አንድ ዲስክ የሚሠራ የዲስኮች ስብስብ፣ ለሁለት ከፍሎ ዲ እና ኢ ብሎ መሰየም ከመሙላት ያድናል፣ ከዲስክ ሞት ግን አያድንም። ቨርቹዋል ማሽን ላይም ያው ነው፤ ሁለቱ ድራይቮች ከሥር አንድ ማከማቻ ላይ ከተቀመጡ አልተለያዩም። የመለየቱ ትርጉም ዳታቤዙ ያለበት ዲስክ ቢቃጠል የትናንቱ ባካፕና በሌላ ዲስክ ያለው የዛሬው ሎግ ተደምረው እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ድረስ ስለሚመልሱ ነው። ሰርቨሩ ብዙ ሆኖ ዳታቤዙ በሌሎችም ላይ ቅጂ ካለው ይህ ሁሉ አያስፈልግም። እኛ ግን አንድ ነን። ዲስኮቹን ፎርማት ሳደርግ ብሎኩን፣ ዲስኩ ለፋይል ቦታ የሚሰጥበትን ትንሹን ቁራጭ፣ ከተለመደው 4 ወደ 64 ኪሎባይት አድርጌዋለሁ። ማይክሮሶፍት የሚመክረው እሱን ነው፣ በኋላ ለመቀየር ደግሞ ዲስኩን ማራገፍ ይጠይቃል።

ሲ ድራይቭንም አትርሱት። የደብዳቤ ወረፋው የራሱ ትንሽ ዳታቤዝ አለው፣ እናንተ ካላዛወራችሁት ሲ ላይ ነው። ሲ ሊሞላ ሲቃረብ ኤክስቼንጅ ከውጭ ደብዳቤ መቀበል ያቆማል። ላኪው 452 4.3.1 የሚል መልስ ያያል፣ የሲስተም አቅም አነሰኝ እንደማለት። ዳታቤዙ ደህና፣ ዲ ሰፊ፣ ግን ደብዳቤ አይገባም። ሲን የሚሞሉት ደግሞ እነዚያ ሌሎቹ ሎጎች ናቸው፤ የዌብ ሰርቨሩ የአይአይኤስ ሎግና የኤክስቼንጅ የምርመራ ሎጎች። የአይአይኤሱን ማንም አያጠፋውም፣ ለዓመታት ይከመራል። እነዚህን መደምሰስ ይቻላል። እኔ ከ30 ቀን ያለፈውን በየሌሊቱ የሚጠርግ ሥራ አስይዣለሁ። ረዳቴ አንዴ «ታዲያ እነዚህ ሎጎች አይደሉም?» ብሎ ጠየቀኝ። ስማቸው ነው የተመሳሰለው፣ ዘመድ አይደሉም።

ሰርኩላር ሎጊንግን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ካበራችሁት ሎጉ ራሱን በራሱ ያጠፋል፣ ዲስክ አይሞላም። ዋጋው ግን አደጋ ሲመጣ የምትመለሱት እስከ መጨረሻው ሙሉ ባካፕ ብቻ መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ቀን ሙሉ የለም። አንድ ሰርቨር ብቻ ላለው ሰው ለዘለቄታው አልመክርም። ጭንቅ ሲሆንና ባካፕ ማስነሣት ሲያቅት ግን መውጫ ነው። አብርታችሁ ዳታቤዙን ዘግታችሁ ክፈቱ፣ ሎጉ ይጸዳል። ከዚያ አጥፍታችሁት፣ እንደገና ዘግታችሁ ከፍታችሁ፣ ወዲያው ሙሉ ባካፕ ያዙ።

ከሁሉም የወደድኩት መላ ግን ምንም የማያስወጣው ነው። በሎግ ድራይቩ ላይ ኤፍኤስዩቲል በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ 10 ጊጋባይት የሆነ ባዶ ፋይል ፈጠርኩ። ስሙ «ለክፉ ቀን» ነው፣ በአማርኛ። ምንም አይሠራም። ቦታ ይዞ ብቻ ይቀመጣል። ዲስኩ ሞልቶ ዳታቤዙ የተዘጋ ዕለት እሱን ደምስሼ ወዲያው እተነፍሳለሁ፣ ዳታቤዙን እከፍታለሁ፣ ባካፕ አስነሣለሁ። ረዳቴም የሚደመስሰው ነገር አገኘ።

ማስጠንቀቂያውንም ከኢሜይል አውጥቼዋለሁ። ኢሜይል መሞቱን በኢሜይል የሚነግር ሲስተም ምን ይረባል። አሁን በየጠዋቱ 1 ሰዓት በቴሌግራም ሦስት ነገር ይደርሰኛል፤ የሎግ ድራይቩ ባዶ ቦታ፣ የሎጎቹ ብዛት፣ የእያንዳንዱ ዳታቤዝ የመጨረሻ ሙሉ ባካፕ ቀን። ሦስተኛው ነው ዋናው። ከ2 ቀን በላይ ካለፈው ቡናዬን ትቼ እነሣለሁ። ለሥራ አስኪያጁም ይደርሳቸዋል። በሁለተኛው ሳምንት «ይህ ቁጥር ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፣ በዚያው አጋጣሚ የባካፕ ሳጥኑን ዩፒኤስ አስፈቀድኩ።

የሜይልቦክስ ገደቡንም መልሰናል። የቀድሞው ልጅ ለሁሉም ገደብ የለሽ አድርጎት ነበር። ከፋብሪካው ሲመጣ ግን 2 ጊጋባይት ላይ መላክ ይከለክላል። እኛ 4 አድርገነዋል፣ ትንሽ ጩኸት ነበረ፣ በረደ። የኤክስቼንጅ 2016 ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 ስላበቃ ወደ አዲሱ መሄዳችን አይቀርም። የዳታቤዙ ሞተር ያው ስለሆነ ሎጉና ዲስኩ ተከትሎን ይመጣል።

የሰው ኃይል እህታችንን ማንም አልተቆጣትም። ስዕሉን ማሳነስ የሚባል ነገር እንዳለ ብቻ አሳየኋት። ለመስቀል የላከችው ካርድ 90 ኪሎባይት ነበር። ደመራው ትንሽ ደብዝዟል፣ ግን ይታያል።